አንድ አምቡላንስ፣ ሁለት ቀበሌ

«ደረጃችሁ አሥራ አራት ነው። ዘጠነኛው ይነቃነቃል» አሉ አቶ ባምላኩ፣ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ።

ፋና ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። በዚህ የፍኖተ ሰላም ቢሮ ሦስት ዓመት የጤና ዕቅድ ስትሠራ ደረጃውን ቆጥራው አታውቅም። ሽማግሌው የዋርካ ሜዳ ባለወፍጮ ናቸው፤ ጆንያ በመሸከም ጀምረው ሁለት ወፍጮ የተከሉ፣ ያዩትን ሁሉ የሚቆጥሩ ሰው። ጋቢያቸው ንጹሕ ነው፤ ጫማቸው ላይ ግን ቀይ አፈር ደርቋል።

«ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ለሁለት ቀበሌ አንድ አምቡላንስ ተመድቧል። ክረምት ሳይገባ ወይ ጥቁር አፈሯ ዋርካ ሜዳ፣ ወይ ከወንዙ ማዶ ያለችው ቀይ መሬቷ እንዶድ በር መቆም አለበት። ሁለቱም ወደ ሆስፒታሉ የሚወስድ የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ወንዙ ሲሞላ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የለም። አምቡላንሱን ያላገኘችው ቀበሌ ወላዶቿን በቃሬዛ ትሸከማለች።

ፋና ነገሩን ለጩኸት አልተወችውም። አካባቢውን ኮምፒውተሯ ውስጥ በሞዴል መልክ ሠርታዋለች፤ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ነዳጁን፣ ሹፌሩን። አንዱን ስትነካው ሌላው ይንቀሳቀሳል። ዝናብ ስትጨምር መንገዱ ይዘገያል፣ ነዳጁ ቶሎ ያልቃል፣ ወላድ ትጠብቃለች። የጎደላት በክረምት ከየቀበሌው ስንት ወላድ እንደሚነሳ ብቻ ነበር። የአምናው መዝገብ ጣራ አፍስሶበት ቀለሙ ጠፍቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጣ ሰው አፍ ትቀበላለች፤ ከማዶ ግን እስካሁን የመጣ የለም።

«ልጄ እናኑ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች» አሉ ሽማግሌው። «አምና የበኩር ልጇን ቃሬዛ ላይ አጣች። ዘንድሮ ቃሬዛ አላይም።»

ፋና አዘነች። ጠረጠረችም። ዋርካ ሜዳ ላይ ለአምቡላንሱ የታሰበው ቦታ ከወፍጮአቸው አጠገብ ነው።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ ወደ ደጁ ይጎትታል። ይህ ኮምፒውተርሽ የተጋነነ ቁጥር ሲሰጡት ምን ያደርጋል?»

«ሰው ስለ ራሱ ቀበሌ ከነገረኝ ላይ ሲሶ እቀንሳለሁ። ስለ ሌላው ቀበሌ በነገረኝ ላይ ደግሞ ሲሶ እጨምራለሁ።»

«ሲሶ ብቻ?»

«ሲሶ ብቻ፣ አባባ።»

ከንፈራቸው ለጥቂት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ጸሎት መሰላት።

«ጻፊ። ዋርካ ሜዳ በክረምት ሃያ አንድ ወላድ አላት። እንዶድ በር አሥራ ሁለት፤ እሱም ከበዛ!»

«የማዶውን በምን አወቁት?»

«ከወንዙ እስከ እንዶድ በር ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ እርምጃ ነው። እኔ ያልቆጠርኩት ምን አለ?»

ሽማግሌው እንደወጡ ባልደረባዋ ወንዳወቅ ሳቁን ለቀቀው።

«ሃያ አንድ! ዋርካ ሜዳ መንታ ብቻ ነው እንዴ የሚወለደው? ወፍጮአቸውን በአምቡላንስ ሊያስጠብቁ ነው እኮ!»

ፋና ከሃያ አንዱ ሲሶ ቀነሰች፤ አሥራ አራት። በአሥራ ሁለቱ ላይ ሲሶ ጨመረች፤ አሥራ ስድስት። ኮምፒውተሩ ጥቂት ቆየና እንዶድ በር አለ።

ውሳኔው በተለጠፈ ማግስት የአቶ ባምላኩ ድምፅ ከራሳቸው ቀድሞ ገባ።

«ጉድ ሠራሽኝ! እኔን የሚያህል ሽማግሌ በሲሶ ቆርጠሽ ጣልሽኝ!»

«አባባ፣ ሞዴሉ ሰው አይመርጥም።»

«ይህ ሞዴልሽ ወፍጮ ቢሆን ድንጋዩን አስወቅረው ነበር!»

ባለ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሲወርዱ የሚነቃነቀውን ደረጃ ዘለሉት።

ወንዳወቅ አቤቱታውን አገላበጠው። «ፊርማ የለውም። ያልተፈረመ አቤቱታ ደግሞ አይታይም።»

«ተናደው ረስተውት ይሆናል» አለች ፋና።

ሰኔ ገባ። ወንዙ ሞላ። ፋና ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ደግማ ሠራችው፤ ስህተት የለበትም። ያም ሆኖ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዋርካ ሜዳን ታስባለች፤ ያችን አይታት የማታውቃትን እናኑን፣ ያንን ቃሬዛ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን የአምቡላንሱ ሹፌር መዝገቡን ይዞ መጣ። ፋና ገለጠችው፤ የሐምሌው የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦

«እናኑ ባምላኩ፤ መነሻ እንዶድ በር፣ ከባሏ ቤት፤ ሆስፒታል የደረሰችው በሃያ ስድስት ደቂቃ፤ ወንድ ልጅ፤ ሁለቱም ደህና፤ አብሯት የተሳፈረ፣ አባቷ።»