ለመጀመሪያው ገጽ የመጣው ፎቶ

የሕክምና ምርምር መጽሔቱ፣ መሥራቹ ዶክተር ሆሴዕ በቀይ ሽብር ጊዜ ጅማ መርካቶ መሐል በጥይት ከተደበደቡ ወዲህ ቆሞ ነበር። ዘንድሮ እንደገና ሊወጣ ነው። የተስፋነሽ ሥራ ያው የድሮው ነው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ የበሽተኞቹን ዓይን ፎቶው ላይ በጥቁር ቀለም መሸፈን።

ዛሬ ዶክተሩን ያስገደለው ካድሬ፣ ጓድ ዕንባቆም፣ የራሱን ፎቶ አመጣላት።

"የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይውጣ" ብሏት ወደ ጎን ክፍል ገባ።

እጇ ልማዱን አልተወም። ዓይኖቹን ቀባቻቸው።

ወዲያው ከጎን ክፍል ወንበር ተገለበጠ። ዕንባቆም ግድግዳውን እየዳበሰ መጣ።

"መስኮቱን ማን ዘጋው?"

የቀትር ፀሐይ ፊቱ ላይ ነበር። "ምን አደረግሽኝ?" ብሎ ሽጉጡን መዝዞ ወደ ትንፋሿ ድምፅ ተኮሰ፤ ጥይቱ ጆሮዋን በጠሰው።

ተስፋነሽ ደሟ አንገቷ ላይ እየወረደ ፎቶውን አየችው። ከዚያ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረችና ሳትቸኩል ፎቶው ውስጥ ያለው ደረቱ ላይ አሳረፈችው።