አስራ አራት ቁጥር

ሃዋኒ አምቦ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ሙያውን ላስተማሯት ለኦቦ ቀጀላ የአርባ ቀን መታሰቢያ ባልደረቦቿ ሁሉ ወደ ጌዶ ሲሄዱ፣ እሷ የየቢሮውን የኔትወርክ ገመድ የሚያገናኘውን አሮጌ ስዊች እነቅላለሁ ብላ ቀረች። መቃብራቸውን ማየት ፈርታ ነው።

ገመዶቹን አንድ በአንድ ስትነቅል፣ ከወዲያ ጫፍ የተሰካ መሣሪያ ሲኖር ብቻ የሚበራው የአስራ አራት ቁጥር መሰኪያ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየች። ጌዶ ላለው ባልደረባዋ ለኩምሳ ደወለች።

«አስራ አራት የማን ነው?»

«የኦቦ ቀጀላ ቢሮ ነበር። ቢሮው እኮ ፈርሷል፤ ገመዱንም ከወዲያ ጫፍ ትናንት እኔው ቆርጬዋለሁ።»

ሃዋኒ ገመዱን ነቀለችና ከግድግዳው ቀዳዳ ልታወጣው ወደ ራሷ ሳበችው። አንድ ክንድ ያህል መጣላት።

ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ አንድ ሰው ቀስ አድርጎ መልሶ ሳበው።