ባለ አምስት ኮከቡ አልጋ ቤት

ሥርጉት በየማለዳው አልጋዎቹን ታነጥፋለች። ማንም ስላልተኛባቸው ማንጠፉ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ እሷ ግን አንሶላውን ገፍፋ ታራግፍና መልሳ ትወጥረዋለች። ሌላ ምን ሥራ አላት?

ባለቤቷ ደረሰ ይህን አልጋ ቤት ሠርቶ ሳይጠግበው ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ድሮ ፍኖተ ሰላም ላይ የመሸበትን መንገደኛ ከመናኸሪያው ደላላ እየመራ ያመጣላቸው ነበር። ያሁኑ መንገደኛ ደላላ አይሰማም፤ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ከመኪና ይወርድና ስልኩ ወዳለው ይሄዳል። የሥርጉት አልጋ ቤት ደግሞ ስልክ ውስጥ የለም።

ደምበጫ ያለው ወንድሟ ገዥ አግኝቶላታል። «እስከ ጥምቀት እንግዳ ካልመጣልሽ ሽጪውና እኔ ጋ ግቢ» ብሏታል። የወንድሟ ሚስት ፊት ሲጠቁርባት ከወዲሁ ይታያታል። ቤቱን መሸጥ ለእሷ ደረሰን እንደገና መቅበር ነው።

ቢጨንቃት ታከለ ዘንድ ሄደች። ታከለ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ስልክ ይጠግናል፤ ወሬ ከጀመረ ደግሞ የሚያቆመው የለም።

«እትዬ፣ ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ አልጋ ሲፈልግ መጀመሪያ የእርስዎን እንዲያገኝ አደርጋለሁ። ካርታው እስከ በሩ ያደርሰዋል። መጠየቅ የለ፣ መደወል የለ!»

መጥቶ አልጋዎቹን ከነቀያይ ብርድ ልብሳቸው ፎቶ አነሳ። ከዚያ ስልኩን ሽቅብ ይዞ ግቢውን ዞረው፤ ኔትወርክ የለም። ዳገቱን ወጥቶ፣ ከመሪጌታ ክንፈሚካኤል አጥር ሥር ባሕር ዛፍ ተደግፎ ሲነካካ ቆየና «አለቀ!» እያለ ወረደ።

መሪጌታ የላይኛው ጎረቤቷ ናቸው። ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ ጉባኤያቸው ተበትኗል፣ ሚስታቸውም አርፈዋል። ማታ ማታ ብቻቸውን ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው እስከ ሥርጉት ቤት ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የምትሰማው የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ሥርጉት ጠበቀች። በረንዳው ላይ መብራት እያበራች፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን እያስተካከለች ጠበቀች። የመጣ የለም።

አንድ ቀን ታከለ እያለከለከ ደረሰ።

«እትዬ ሥርጉት፣ አምስት ኮከብ!»

«የምን ኮከብ ነው ደግሞ?»

«እርስዎ ጋ ያደሩ ሰዎች የሰጡት ነዋ! ይስሙ፤ ‹እንደ አባት ቤት ነው፤ እግራችንን አጥበው አስተኙን› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ሽማግሌው ሲያጫውቱን አመሹ› ብሏል።»

የሥርጉት ፊት ተለዋወጠ። ሽማግሌ? ደረሰ ከሞተ ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ወንድ አላደረም።

«አንተ ቀጣፊ! ማን አድሮ ነው የሚያመሰግነኝ? ራስህ ጽፈኸው እንጂ!»

«ማርያምን አልጻፍኩም!»

«ደግሞ በእመቤቴ ትምላለህ? ውጣልኝ!»

ታከለ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሥርጉትን ሆድ ባሳት። ድህነቷ ሳያንስ መቀለጃ አደረጋት።

እርር ብላ ዳገቱን ወጣች፤ ችግሯን የምትነግረው ከመሪጌታ ሌላ ሰው የላትም። እሳቸው ግን ሰሞኑን ፊታቸው ወዝ ወጥቶታል፤ ግቢያቸውን ጠርገው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«የእግዜር እንግዳ በዝቶልኛል፣ ልጄ» አሏት። «ቤቴ መቃብር ሆኖብኝ ነበር፤ አሁን ሰው ይተነፍስበታል። ትርፍ ብርድ ልብስ ይኖርሽ ይሆን?»

ሥርጉትን አልገረማትም። በዚህ አገር የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በር ከመታ ከየት መጣህ ሳይባል ይገባል። ወደ ገዳም የሚያልፉ ተሳላሚዎች ይሆናሉ አለች።

«የእኔማ ሁሉም ትርፍ ነው፣ አባቴ። እወስድልዎታለሁ።»

የታከለን ነገር አጫወተቻቸው። መሪጌታ ምድር ምድሩን አዩ።

«ልጁን አትርገሚው» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቱንስ? ትሸጪዋለሽ?»

«ጥምቀት እንዳለፈ።»

ሌላው ጎረቤት ሁሉ «ተይ፣ አትሽጪ» ሲላት እሳቸው ብቻ ዝም አሉ። ሐዘኔ ገብቷቸው ነው ብላ በልቧ አመሰገነቻቸው። ያኑ ዕለት ከቀያዮቹ ብርድ ልብሶች ግማሹን ወሰደችላቸው።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ሥርጉት ዕቃዋን ሸከፈች። የቀሩትን ብርድ ልብሶች ለመሪጌታ መታሰቢያ ልትተውላቸው አቅፋ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በጓሮ በኩል ዳገቱን ወጣች። ከአጥራቸው ስትደርስ፣ መሪጌታ ከተቀመጡበት የፊት በር ላይ መኪና ቆመ። አንድ ሰውዬና ሚስቱ ወረዱ። ሴትዮዋ ስልኳን አየች፣ ቤቱን አየች፣ ጎንበስ ብላ ለመሪጌታ እጅ ነሳች።

«አባቴ፣ የሥርጉት አልጋ ቤት ይህ ነው?»

ሥርጉት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ካርታው ሰውን ሲያመጣ የከረመው ታከለ ወደቆመበት ባሕር ዛፍ ነበር። ምስኪን ታከለ! ነገ በማለዳ ሄዳ ትክሰዋለች። እንግዳስ አላት፤ ሲመጣላት ከርሟል! ቤቷ አይሸጥም፤ ደምበጫም አትሄድም። ደስታው እንባዋን አመጣው። «ሥርጉት እኔ ነኝ!» ልትል አፏን ከፈተችና መለሰችው፤ ሽማግሌ ተጠይቆ ሳለ ቀድሞ መመለስ ነውር ነው። መሪጌታ በትራቸውን አንስተው ወደ ታች እስኪያሳዩላት ጠበቀች።

መሪጌታ ቁልቁል፣ መብራት ወደበራበት በረንዳዋ፣ ትንሽ ተመለከቱ።

«አዎ፣ ልጆቼ» አሉ፤ «ይኸው ነው፤ ግቡ።»