የኤንትሬው መሪ

ኦብሴ የጠገነችውን የመሪ ሳጥን ወደ ቦታው መልሳ ካሰረች በኋላ፣ አሮጌው ኤንትሬ የጭነት መኪና ስር በጀርባዋ ተንጋላ የማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ ያዘች። አባቷ ጉርሜሳ ጋቢና ውስጥ ሆኖ መሪውን ግራና ቀኝ ይነቀንቅ ነበር። የቁራጭ ብረት ነጋዴው ንዋይ ደግሞ የግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መሪው ዛሬም ካልተስተካከለ መኪናው ተቆራርጦ እንዲሸጥለት አባቷ ቃል ሰጥቶታል።

«አሁንም ባዶውን ይዞራል!» አለ ጉርሜሳ። ኦብሴ ብሎኑን ጠበቅ አደረገችው። «አሁንስ፣ አባ?» «አሁን ደግሞ ከበደኝ።» በጣም ጥቂት መለስ አደረገችው። ከላይ መሪው እንደገና ግራና ቀኝ ዞረ። ከዚያ አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «ኦብሴ፣ ጎማው እጄን ሰማ!» ማሰሪያውን አጥብቃ ስትወጣ ሞተሩ ተነስቷል። «ንዋይ፣ ና ግባ! አንድ ዙር ላዙርህ» አለ ጉርሜሳ፤ ይዞት ወጣ።

ኦብሴ ግራሶ የነካው እጇን ሳትጠርግ በሩ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን አየች። ኤንትሬው ባጃጆቹን እያሳለፈ ተመልሶ መጣና ጠባቡን በር ወደ ኋላ ሳይል በአንድ ጊዜ ገባ። ንዋይ እየሳቀ ወረደ። «መግዛቱ ቀርቷል፤ ሞጆ ያለኝን ብረት ነገ በዚሁ አስጭናለሁ» አላት። አባቷ ግን ከመሪው አልተነሳም። «ነይ ጋቢና ውጪ፣ አንቺም ቅመሺው» አላት። «የሳጥኑን ዘይት ግን በየጊዜው ማየት አለብህ» አለችው እየወጣች። «እሱ ያንቺ ሥራ ነው» አለና ማርሽ አስገባ።