ሁሉም ያሙት ርካሽ ቢራ

«ይሄ ቢራ አይደለም… የብርጭቆ እጣቢ ነው።»

ይህን ያለው ባምላክ ነው። አስጎብኚ ነው። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው እዚሁ ላሊበላ፣ የሺሃረግ ግሮሰሪ ውስጥ ነው።

«እኔን ሆዴን ይነፋኛል» አለ ሌላው።

«እኔ በቅሎዬንም አላጠጣት» አለ ሦስተኛው።

ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ…

ያኔ ስልክም ኢንተርኔትም ከተቋረጠ አምስት ወር አልፎት ነበር። እኔ ደግሞ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ አዲስ መምህር ነኝ። ኔትወርኩ ሲመለስ «ስለ ርካሹ ቢራ ሰው ምን ይላል?» ብዬ እዚህ ገጽ ላይ ልለጥፍ አስቤ ነበር።

የቢራውን ስም አልጠራም። በየግሮሰሪው ያለ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ዋጋው ከሁሉም የሚያንስ ቢራ ነው።

በሦስት ቀን አርባ አንድ ሰው ጠየቅሁ።

ሠላሳ ስምንቱ «መጥፎ ነው፤ ባይመጣ ይሻላል» አሉ።

ቁጥሩ አላማረኝም… ሰው በቢራ ጉዳይ እንዲህ አይስማማም።

ስለዚህ ሰባት ሰዎች መርጬ፣ ጠርሙሱን ሳያዩ ሦስት ዓይነት ቢራ ቀዳሁላቸው።

አምስቱ «ጥሩው ይሄ ነው» ብለው ያነሱት ርካሹን ነው። ባምላክም አንዱ ነበር።

ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። የሳቀ የለም።

«ተወው መምህር» አለኝ ባምላክ። «ሁሉ ነገር አይለካም።»

ያንን ቢራ ፈልገው የሚመጡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ… አያ ደሳለ።

ከከተማው በላይ ካለ መንደር የሚወርዱ ገበሬ ናቸው። የቢራ መኪና በገባ ቁጥር፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣሉ። አንድ ጠርሙስ ያዛሉ። ሳይከፈት ወደ እኔ ያስጠጉታል።

«የኔ ልጅ፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው። አንገቱ ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

የጠርሙሱ አንገት ላይ የተመረተበት ቀንና የፈረቃ ቁጥር ታትሟል። ልጃቸው ዘመን ሩቅ ከተማ፣ ቢራ ፋብሪካው ውስጥ፣ ያንን የሚያትመው ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ፈረቃው ሦስት ነው። ስልክ ከተዘጋ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም…

«ሦስት ነው አያ። ከተመረተ ስምንት ቀኑ።»

«እሰይ። የዛሬ ስምንት ቀን ቆሞ ይሠራ ነበር ማለት ነው።»

ከዚያ ይጠጣሉ።

«አያ፣ ጣዕሙ እንዴት ነው?» ብዬ እሳቸውንም ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ፤ ጠላ የለመድኩ ሰው። ይመረኛል። ግን የልጄ እጅ አለበት።»

አንድ ቀን የሺሃረግ ያንን ቢራ ማስመጣት አቆመች።

«ጠያቂው አንተ አይደለህ?» አለችኝ። «ሠላሳ ስምንት ሰው ጠልቶት ለማን ላምጣው?»

አያ ደሳለ ሁለት ጊዜ መጥተው እንዲሁ ተመለሱ። በሦስተኛው አልገቡም። በር ላይ ቆመው መደርደሪያውን አይተው ሄዱ።

ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ…

ለሥራ ኩልመስክ ከተማ ስሄድ አንድ ጠርሙስ አገኘሁ። በፎጣ ጠቅልዬ አመጣሁትና ቤታቸው ድረስ ይዤ ወጣሁ።

«ሦስት ነው አያ። ከታተመ ስድስት ቀኑ።»

ሁለት እጄን ያዙኝ።

«ልቤ ክፉ ክፉ ያሳስበኝ ነበር… አንተን የወለደች ትባረክ።»

ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ለየሺሃረግ ነገርኳት።

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ምን አደረግህ መምህር… ምን አደረግህ?»

ዘመን ታሞ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ወሬውን ያመጣው የቢራው መኪና ሾፌር ነው።

መርዶ ደግሞ እንደተገኘ አይነገርም። የሥጋ ዘመድ ይጠበቃል። የአያ ደሳለ ሴት ልጅ ወይንሸት የምትኖረው ወገል ጤና ከተማ ነው፤ መንገድ ተዘግቶባት መምጣት አልቻለችም።

«ቢራው እየመጣ፣ አንተም ሦስት ነው እያልክ፣ ልባቸው እንዴት ይጠርጥር?» አለችኝ። «ሁላችንም ያማነው ለማስቀረት ሰበብ እንዲሆነን ነው። ቢራው ሲቀር ቀስ ብለው ይጠረጥራሉ፤ ዱብ ዕዳ አይሆንባቸውም ብለን።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ታነብላቸዋለህ… ፊትህ ደግሞ መዋሸት አይችልም።»

ወይንሸት በአራተኛው ቀን ደረሰች።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታቸው በራቸው ላይ ቆሙ። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ።

አያ ደሳለ ወጡ። ቄሱ ተናገሩ።

አላለቀሱም።

«ተሳስታችኋል አባ» አሉ በእርጋታ። «ዘመን ደህና ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሥራ ላይ ነበር። መምህሩ ያውቃል… ጠይቁት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወይንሸት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታየኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ንገራቸው እንጂ።»

ከኋላ ወደ ፊት ወጣሁ።

«አያ…» አልኩ። «ሦስት የፈረቃው ቁጥር ነው፤ የዘመን አይደለም። እሱ ባይኖርም… ሌላ ሰው ቆሞበት ማሽኑ ሦስት እያለ ያትማል።»

ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

«ታዲያ ይህን እያወቅህ፣ ዝም ብለህ ስታነብልኝ ከረምህ?» አሉኝ።

ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። መሬት ላይ ተቀመጡ… ያኔ ነው ወይንሸት የጮኸችው።

ወገኖቼ…

ቁጥሩን አልተሳሳትኩም። አንድም ቀን የሌለ ነገር አላነበብኩም።

ግን አርባ አንዱን ሰው «ምን ትላለህ?» ስል፣ አንዱንም «ለምን?» አላልኩም። ደግ የሠራሁ የመሰለኝ ቀን፣ አንድ አባት የሞተ ልጃቸው በሕይወት አለ ብለው እንዲጽናኑ አደረግሁ።

ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው፦ ሰው የሚለውን ከመመዝገባችን በፊት ለምን እንደሚለው እንጠይቅ። ለሰው ደግ ከማድረጋችን በፊትም በቅርብ የሚያውቁትን ሰዎች እንጠይቅ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን መወሰን አቅቶኛል…

እናንተ የዚያ መንደር ሰው ብትሆኑ፣ ወሬውን በሰማችሁበት ቀን ለአያ ደሳለ ትነግሯቸው ነበር? ወይስ እንደ ጎረቤቶቻቸው ቢራውን እያማችሁ ወይንሸትን ትጠብቁ ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ለምን እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ።