አርባ ጠርሙስ ሽንኩርት

ዘርፉ ከሞጆው የፖለቲካ ትምህርት በስምንተኛው ቀን አዳማ ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ምርምር ጣቢያው ሮጠች። አርባዎቹ ጠርሙሶች ሞተው እንደሚጠብቋት እርግጠኛ ነበረች።

በጠርሙሶቹ ውስጥ ያሉት የቀይ ሽንኩርትና የአንድ ሩቅ የዱር ዘመዱ ዲቃላዎች ናቸው። የዱሩን በሽታ አይነካውም፤ የገበሬው ግን በየክረምቱ ማሳ ላይ ይደርቃል። ሁለቱ ቢዳቀሉ ፅንሱ ፍሬው ውስጥ ይሞታል። ዶክተር ተክለሃይማኖት ፅንሱን ሳይሞት አውጥቶ በመስታወት ውስጥ አሳደገው። በየጊዜው ምግቡ ካልተለወጠ ይጠወልጋል፤ የሚነካው እጅ በአልኮል ካልታጠበ በሦስት ቀን ሻጋታ ይውጠዋል።

ዶክተሩ ከታሰረ ሰባት ወሩ ነው። የዱሩን ዘር የላኩለት ከውጭ አገር ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከፈረንጅ ጋር መጻጻፍ ሰላይ ለመባል ይበቃል። ወታደሮቹ የመጡ ዕለት በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደው፣ ከዘር ከረጢቶቹ ሥር ደብዳቤዎቹን አወጡ። ሰው ሁሉ የጣቢያውን ካድሬ አብተውን ጠረጠረ። ሠራተኛው በሙሉ ተመረመረ፤ ረዳቱን ዘርፉን ግን የጠየቃት አልነበረም። «እግዜር ጠበቃት» ተባለ። እሷም ለጥንቃቄ ይመስላል፣ የዶክተሩን ስም ከጠርሙሶቹ ላይ ልጣ የራሷን ለጠፈች።

በሩን ከፈተች። አርባዎቹም ለምልመዋል። ምግባቸው ተለውጧል፤ አንድም ሻጋታ የለም። የአልኮሉ ጠርሙስ ተጋምሷል። ከእሷ በቀር ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው በጣቢያው አልነበረም።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጓድ ዘርፉ።»

አብተው ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

ዘርፉ ፈራች። «ማነው እዚህ የገባው?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። ምነው ደነገጥሽ?»

«ጓድ አብተው፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም።»

«ማን አጠፋሽ አለ?» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አንቺ በሄድሽ ማግስት ዶክተሩ ተፈታ። ቤቱ እንኳ ሳይገባ እዚህ መጣ። ‹ይሞቱብኛል፣ ክፈትልኝ› ብሎ ለመነኝ። ይኸው በየቀኑ እየመጣ ሲያበላቸው ሰነበተ።»

«ተመስገን» አለች ዘርፉ በማይሰማ ድምፅ።

አብተው ተነስቶ በሩን ከፈተላት።

«በደንቡ መሠረት የዶክተሩ ፋይል ሲዘጋ፣ አንቺ የጻፍሽበትን ጥቆማ አንብቦ ፈርሟል፤ አሁን ውጭ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው።»