የዳምጠው ቦታ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስድስት ጎልማሶች በሚኖሩበት ቤት፣ ጥጋቡ በረንዳው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተተከለ አራት ወር ሞላው። ለምግብና ለመኝታ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። እግሩ አብጧል። ሐኪሙ ተንከባካቢዋን ስመኝን «በግድም ቢሆን አራምጂው» ብሏታል። ኳስ ወረወረችለት፤ ዘፈን ከፈተችለት፤ ተቆጣችው። እሱ ግን መዳፉን ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ዘርግቶ የግቢውን በር ያያል።

ያ ቦታ የጓደኛው የዳምጠው ነው። ዳምጠው ሆስፒታል ሲወሰድ «ቦታዬን ያዝልኝ» ብሎት ሄደ፤ በሳምንቱ ሞተ። ለዘመዶቹ በማለዳ መርዶ ተነገረ። ጥጋቡን ግን «እሱ ደግሞ ምን ይገባዋል» ብለው ተዉት።

ዛሬ ስመኝ ቆርጣ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ ጋሽ ዳምጠው እኮ አይመጣም።»

«ለምን?»

ስመኝ ወደ ግቢው በር አየች።

«መንገዱ... መንገዱ ርቆበት ነው።»

ጥጋቡ ብዙ አሰበ። ከዚያ ትከሻዋን ተደግፎ ተነሳ። ያበጠ እግሩን እየጎተተ ደረጃውን ሲወርድ፣ ወጥ ሠሪዋ ከኩሽና ብቅ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ሄጄ ላምጣው። አንቺ ቦታውን ያዢለት፤ ሰው እንዳይቀመጥበት።»

ስመኝ አግዳሚው ላይ፣ እሱ በተነሳበት ተቀመጠች። መዳፏንም ከጎኗ ዘረጋች። እንጨቱ ገና ይሞቅ ነበር።